ከማህተሙ ሥር

ያለን አንድ ፎቶ ነው፣ አንዲት ጉርድ ብቻ፤
«ሙሄ እንድሪስ፣ የሽመና ክፍል፣ ኮምቦልቻ»።
የፋብሪካው ማህተም ወይን ጠጅ ክብ ሠርቶ
ግራ ጉንጩን ይዞታል፣ ጆሮውን ሸፍኖ፣ ቅንድቡን ነክቶ።
አንደኛው ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤
ሌላው በ«ጨርቃ» እና በ«ጨርቅ» መሀል ያጮልቃል።

እኔ ደሴ፣ ፒያሳ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ካሉበት ፎቅ፣
የሰርግ ጥሪ ስነድፍ፣ የሱቅ ታፔላ ስስል የምውል፣
የሙት መልክ ሠርቼ አላውቅም።
የጦሳ ጉም መስኮቴን ሲያለብሰው፣ ደንበኛ ሲቀር፣
አባቴን ስካነሩ ላይ በደረቱ አስተኛሁት፤
ስምንት መቶ በመቶ አጎላሁት።
ፊቱ ፈረሰ።
አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ ግራጫና ቡኒ፣
ዕድሜውን ሙሉ ሲያቋልፈው እንደኖረው
ድርና ማግ።

ፕሮግራሙ ቸኩሎ «ላሳምርልሽ?» አለኝ፤
እሺታዬን ሳልጨርስ ሠላሳ ዓመት ገፎ፣
ሽበቱን አራግፎ፣
የማላውቀውን ሙሽራ አምጥቶ ሰጠኝ።
ቆንጆ ነበር።
መለስኩት።

ደወልኩ። «ከማህተሙ ሥር ምን ነበር?»
አጎቴ አበጋዝ፦ «ጠባሳ፤ በልጅነቱ፣ ቦርከና ወድቆ።»
እናቴ፦ «የምን ጠባሳ! የዋጠው ውሃ የሚታይ ነበር!»
ጋሽ ወንድይፍራው፣ ከጎኑ ባለው ማሽን የኖረው፣
ስቆ፣ ስሎ፣ እንደገና ስቆ፦ «ጥጥ!
ከማህተሙ ሥር ጥጥ ነው ያለው፣ የኔ ልጅ፣ ሌላ አትፈልጊ።
ቅንድቡ ላይ፣ ጆሮው ጫፍ ላይ፤ ለዒድ እንኳ አይራገፍ።»

አዲስ ሌየር ከፈትኩ፤ ስሙን «ጥጥ» አልኩት።
በነጭ፣ በስስ ብሩሽ፣ አንድ በአንድ በተንኩት።

አክስቴ ሀዋ ሰምታ፦ «ሩህ ያለው አይሳልም፤
ቂያማ ላይ ‹እስኪ እፍ በይበት› ቢሉሽ መልስ የለሽም!»
እውነቷን ነው፤ የለኝም።
ሩህ ግን አልፈለግሁም፣ ወላሂ፤
ጥጡን ነው። ከሽመና ክፍል ይዞት የሚገባውን፣
በር ላይ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ የምታራግፈውን።

ግራ ጆሮው ቀረ። ከየት ላምጣው?
የቀኙን ገልብጬ ለጠፍኩለት፤ ማን ያውቅበታል? አልኩ፤
ታብሌቴን በጋቢ ጠቅልዬ ሀረጎን በሚኒባስ ወረድኩ።
በየመታጠፊያው ከጭኔ ላይ ተንሸራተተ፤
በየመታጠፊያው ያዝኩት።

እናቴ መነጽሯን ጠርጋ፣ ቆይታ አየችው።
አንዷን ጥጥ በጣቷ ልታነሳለት ሞከረች፤
ምስሉ ሸሸባት።
ከዚያ፦ «ይሄማ ያ ደንቆሮው ነው» አለች፤
«ሁለቱንም ደንቆሮውን አደረግሽበት።
ቀኙን ማሽኑ በልቶበት የለ?
ሰሚው ግራው ነበር። እሱን ነበር የሚሰጠኝ፣
አንገቱን ዘንበል አድርጎ።
ያንቺን ነው የሚመስለው። አምጪው እስቲ።»
ሻሼን ገለጥ አድርጋ ጆሮዬን በስልክ አነሳችው፤
እጇ ተንቀጥቅጦ ሦስቴ ደገመችው።
ከጆሮዬ ሣልኩት። አንገቱንም
ትንሽ፣ እንደነገረችኝ፣ አዘነበልኩት።

ጠጋ አለች።
ሰፈሩ በሚሰማው፣ በዚያ በድሮው ድምጿ፣
ከጆሮው አጠገብ፦
«ሙሄ! ዝናብ መጥቷል! ልብሱን አስገብቻለሁ!»

«ማን መጣባችሁ?» አለች ጎረቤት በአጥር።
ባትሪው አራት በመቶ ይላል፤
ቻርጀሩን ደሴ ረስቼዋለሁ።
ልነግራት አፌን ከፈትኩ።
«ሙሄ!» አለች፣ «የጡረታው ነገር አልቋል! አብሽር!»
ድምጿን አልቀነሰችም።